መብራት ሄደ እንዴ?

ታላቅ እህቴ የደም ግፊቷ በጣም ጨምሮ ሆስፒታል ስትገባ ቀን ቀን የማስታምማት እኔ ነበርኩ። መድኃኒቱ ክንዷ ላይ በተሰካው መርፌ በደም ሥሯ ይገባል። ነርሷ፣ «ግፊቷ መውረድ ያለበት ቀስ እያለ ነው። በአንዴ ከወረደ አንጎሏን ይጎዳል። ያልሆነ ነገር ካየህ ቶሎ ጥራኝ» አለችኝ።

እኔ የማየው ከራስጌዋ ያለውን ስክሪን ብቻ ነበር። ቁጥሩ በወረደ ቁጥር ደስ ይለኛል።

«ምነው ማሙሽ፣ እንደ ፈታኝ አፈጠጥክ?» ብላ እህቴ ሳቀችብኝ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ አልጋዋን ሞልቶታል። ከውጭ የታክሲ ረዳቶች «ጋርመንት! ጋርመንት!» ይላሉ። እህቴ ጣሪያውን እያየች፣ «መብራት ሄደ እንዴ?» አለችኝ።

ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነበር። ዓይኖቿ ተከፍተዋል፤ አይርገበገቡም። ነርሷን መጥራት ነበረብኝ። እንዳትፈራ ብዬ ግን፣ «አዎ፣ ሄዷል» አልኳት።

«ታዲያ እንዲህ ይጨልማል? አንተስ የት ነህ?»

«እዚሁ ነኝ።»

እጇን ያዝኩት። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው፤ ረጅም ጊዜ ዳበሰቻቸው።

«ይሄ ያንተ እጅ አይደለም» አለች።

ያኔ ነው የሮጥኩት። ነርሷ መጥታ መድኃኒቱን ወዲያው አቆመችው።

«ማየት ካቃታት ስንት ደቂቃ ሆናት?»

«አሁን ነው» አልኩ።

እህቴ በማግስቱ ጠዋት ዐረፈች። ቶሎ ብጠራ ኖሮ ትተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን መጠየቅ እችላለሁ። እስካሁን አልጠየቅኩትም።