ቀዩ መስታወት

ልጅ ሳለሁ ንፍጤ ጥቁር ነበር። ይህንን አፌን ሞልቼ የምናገረው ሰሞኑን የድሮ ፋኖስ ባየ ቁጥር «ድሮ ቀረ!» እያለ የሚያለቃቅስ ሰው ስለበዛብኝ ነው፤ የገዛ ወንድሜ ጭምር። ምን ቀረ? ወጡ ላምባ ላምባ ሲል፣ ጠዋት የምንተፋው ምራቅ ጥላሸት ሲሆን እሱም እኮ ነበረ!

ያኔ አቃቂ፣ ሐዲዱ ጥግ፣ ለባቡር ሠራተኞች ከሚሰጡት ቤቶች በአንዷ ክፍል እንኖር ነበር። አባባ የምንላቸው አያታችን ለባቡር ምልክት የሚያሳዩ ሠራተኛ ነበሩ። ፋኖሳቸው በአንድ ጎኑ ነጭ፣ በሌላው ቀይ መስታወት ነበረው፤ ቀዩን ያየ ባቡር ይቆማል። የቤታችን ኩራዝ ላምባ ሲጨርስ ያንኑ ፋኖስ መሀላችን ያስቀምጡትና፣ ክሩ እየጨሰ፣ ዓይናችን እያነባ፣ «ተረት ተረት» ይላሉ፤ እኛም እየሳልን «የላም በረት» እንላለን። ተረቱ ውስጥ ጅቡ ሲመጣ ፋኖሱን ድንገት ያዞሩታል። ግድግዳው፣ የእናቴ ፊት፣ የወንድሜ ጥርስ ሳይቀር ደም ይመስላል። ያን ጊዜ ብቻ ጭሱን እረሳው ነበር፤ ይህንንስ አልክድም።

አንድ ምሽት ጭሱ ልክ አጣ። ወንድሜ እስኪያስመልሰው ድረስ ሳለ። እናቴ «ኧረ በስመ አብ! ልጆቹ ታፍነው ሊሞቱ ነው እኮ፣ አባባ!» ብላ በሐዲዱ በኩል ያለውን መስኮት በረገደችው። አባባን ግን ተረቱ ይዟቸው ነበር። «ይኸው፣ ጅቡ በመስኮት አንገቱን አስገባ!» አሉና ቀዩን ወደ መስኮቱ አዙረው ፋኖሱን አወዛወዙት። ወዲያው ውጭ ብረት በብረት ላይ ሲያፏጭ ሰማን። የጭነት ባቡር ደጃችን ላይ ቆመ።

ነጂው እያለከለከ መጣ።

«አባባ፣ ምን አደጋ ደረሰ?»

ሥራቸው ከሄደ ክፍሏም ትሄዳለች። እናቴ ባልሆነ ነገር እንዲያመካኙ በዓይኗ ለመነቻቸው። እሳቸው ፋኖሱን እንደያዙ አቀረቀሩ።

«ጅብ ነው፣ ልጄ» አሉ። «የተረት ጅብ።»

ብዙም ሳይቆይ ፋኖሱን አስረከቡ፤ እኛም ክፍሏን ለቀን አቃቂ በሰቃ ሰፈር ጣሪያዋ ከሚያፈስ ጓዳ ገባን። አባባ እስኪሞቱ ድረስ ተረት አላወሩልንም። ስንለምናቸው «ተዉኝ እስቲ» ይሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ባለፈው እሑድ ገላን ኮንዶሚኒየም ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ሳሎኑ መስኮት ላይ ልክ እንደዚያ ያለ ፋኖስ ቀዩን ወደ ውጭ አድርጎ ሰቅሏል፤ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ ውስጡ አምፖል ገብቶበታል። «አባባን አያስታውስሽም? ወይኔ፣ ድሮ ቀረ!» አለኝ እንባ እያቀረረ። ያን ምሽት እሱን ከትውኪያው ያጠብኩት እኮ እኔ ነኝ።

ያ ባቡር ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ በዚያ መስኮት ሥር የሚያልፈው ሚኒባስ ነው። ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነሣሁና ቀዩን መስታወት ወደ ግድግዳ አዞርኩት።