የአንገቱ ክር

ባለቤቴ ብርዳማዋ ጎጆ ከተማ በመምህርነት ሲመደብ እኔ አምቦ አስተምር ነበር። ለዚያ ብርድ ይሆነዋል ብዬ ወፍራም ቡናማ የሱፍ ክር መረጥኩ፤ ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ፣ እያንቀላፋሁም ቢሆን ሹራቡን ጨርሼ ላክሁለት። ለገና ሲመጣ የአንገቱ ቆዳ ተልጦ አየሁ።

«ክሩ እንደሚኮሰኩስህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ደክሞሽ ነበራ። ደግሞ ይሞቃል» አለኝ።

ሁሉንም ተርትሬ እንደገና ለመጀመር አቅሙ አልነበረኝም። ገበያ ወጥቼ ክሩን ሁሉ ጉንጬ ላይ እያስነካሁ ለስላሳ ፈለግሁ። የተገኘው ቢጫ ብቻ ነበር። የሹራቡን አንገት ብቻ ተርትሬ በቢጫው ሠራሁት። ለብሶት፣ መስታወት እንኳ ሳያይ፣ አጠገቤ ጋደም አለ። ብዙም ሳናወራ ሁለታችንንም እንቅልፍ ወሰደን።