በከፋይ ላይ የተሰመረ ሰም

ልብስ ሰፊም ሆነ አንጥረኛ ምልክት ማድረጊያውን የሚመርጠው እንደሚሠራበት ዕቃ ነው ይባላል። እኔ አላምንም። ሰው ምልክት ማድረጊያ የሚመርጠው ሥራው ሲበላሽ ማን እንደሚወቀስ አስቦ ነው። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ አንኮበር ላይ፣ አንድ የታቦት ጥላ ሲሰፋ ነው።

ደብረ ብርሃን አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርሁበት ዓመት ተስቦ ያዘኝ። እናቴ፣ ቄሱ አባቴ ከሞተ ወዲህ አንኮበር ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ "ልጄ ከዳነ ለደብራችን ታቦት ጥላ አስገባለሁ" ብላ ተሳለች። ዳንሁ። እኔ ያዳነኝ የሐኪም ቤት መድኃኒት ነው እል ነበር፤ እሷ ደግሞ "መድኃኒቱንስ ማን ላከው?" ትለኝ ነበር። በዚህ ክርክር ተረትቼ አላውቅም፤ አሸንፌም አላውቅም።

የሠርጓን ካባ ፈትታ ቀዩን ለስላሳ ከፋይ አወጣች። ለጥላው ልክክ ብሎ ይበቃል እንጂ አይተርፍም፤ መቀስ አንድ ጊዜ ከሳተ ሌላ ካባ የላትም። ስለት ደግሞ ነውር የሌለበት መሆን አለበት። ለጥምቀት ካልደረሰ፣ ወይም ከነነውሩ ከገባ፣ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል ብላ ታምናለች። ያልተሰጠ ስለት የሚጠየቀውም ከተሳሉለት ሰው ራስ ላይ ነው። ማለትም ከእኔ። ስለ ትኩሳት የተጻፈ ብዙ አንብቤ ነበር፤ አንዱም ስለ ከፋይ የሚለው ነገር አልነበረውም። ቢሆንም ያን ታኅሣሥ እንቅልፌ ልክ አልነበረም።

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን በአህያ ጭኖ ከአልዩ አምባ ዳገቱን የሚወጣ ሙስሊም ነበር። ከፋዩን በረንዳችን ላይ ዘረጋው። የደብሩ አለቃ ሊያዩ መጥተዋል፤ የጥላውን የብር ጌጥ የሚሠራው አንጥረኛም አጠገባቸው ተቀምጧል። ሰፊው ከኪሱ ያለቀ የሳሙና ስባሪ አወጣ።

"ለከፋይ ከዚህ የተሻለ ማስመሪያ የለም።"

አለቃው እጃቸውን አነሡ። "ቆይ! ሳሙና ከሞራ ነው የሚሠራው። ጊዜው ጾም፣ ልብሱ የታቦት። ማን እንዳረደውስ በምን ይታወቃል?"

"እኔም እኮ ማን እንዳረደው አላውቅም አባ" አለ ሰፊው። "ለዚህ ነው የማሰምርበት እንጂ የማልበላው።"

አንጥረኛው ሳቀ። አለቃው አልሳቁም። ሳሙናው ወደ ኪስ ተመለሰ።

እኔ ነጭ ጠመኔ ይዤ ነበርና አቀበልሁት። ሰፊው አንድ መስመር ሳበና እፍ አለው። መስመሩ በነነ። "ጌታው መምህር፣ ያንተ ትምህርት ቶሎ ይረሳል" አለኝ። ከሰል ተሞከረ፤ በጠቆረው ቀይ ላይ አልታይ አለ።

"የእኔን ሹል ብረት ውሰደው" አለ አንጥረኛው። "የእኔ ጭረት እስከ ምጽአት አይጠፋም።"

"አንተ ብርህን ጫር፤ የእሜቴን ካባ ተወው!" አለው ሰፊው።

በመጨረሻ አለቃው ከጋቢያቸው እጥፋት በግማሽ የነደደ ጧፍ አወጡ። "ይኸው ንጹሕ ሰም። ንብ ጾም አትገድፍም።"

በጧፍ ላይ ማን አፉን ይከፍታል? ሰሙ በከፋዩ ላይ ገርጣ ያለ ጥሩ መስመር ሰጠ። ኋላ እንዴት እንደሚለቅ የጠየቀ የለም። ሰፊው ዝም ያለው፣ ቢበላሽ ጧፉ የማን እንደሆነ ሁላችንም ስላየን ይመስለኛል።

አቆራረጡ አማረ፤ እናቴም ተነፈሰች። ከዚያ ስፌቱ አላርፍ ብሎ አበጠና ሰፊው የከሰል ካውያውን አሞቀ። ተጠንቅቆ በግልባጩ በኩል ተኮሰው። መጀመሪያ የደረሰን ሽታው ነው፤ የቤተ መቅደስ ሽታ። ከፋዩን ሲገለብጠው በፊት ለፊቱ ስፌት ላይ፣ ከአናቱ እስከ ጠርዙ፣ ሰሙ ቀልጦ የጣት ውፍረት ያለው ጥቁር እድፍ ወርዷል።

"በግልባጩ ነው የተኮስሁት እሜቴ፤ አላህ ያውቃል" አለ ሰፊው።

"ሰሙ የቤተ ክርስቲያን ነው" አሉ አለቃው። "ርኩሰት የለበትም፤ እንዳለ ይግባ።"

"ርኩስ ነው አላልሁም አባ፤ ነውር ግን አለበት።"

እናቴ ይህን ብላ ወደ እኔ መጣችና መዳፏን ግንባሬ ላይ አሳረፈች። ያን ጊዜ ነው በእርግጥ የፈራሁት።

አንጥረኛው ለጥላው ጠርዝ ያዘጋጀውን ስስ የብር ቅጠል ከጨርቅ ፈትቶ እድፉ ላይ ለካው። ብሩ ለሁለት ታጥፎ ጠርዙን ሊይዝ የታሰበ ነበር። ከታጠፈ ይጠብና እድፉን አይሸፍንም። ሳይታጠፍ ከተነጠፈ ይሸፍናል፤ ግን ለእጥፋቱ ምልክት ብሎ በሹል ብረቱ የጫረው መስመር መኻል ለመኻል ይታያል።

"ይፋቅ" አልሁ።

"ብሩ ስስ ነው፤ ከፋቅሁት ይቀደዳል። ለጠርዙ ዘርፍ ይበቃዋል፤ ለጭረቱ ግን መላ የለኝም።"

እንግዲህ እናቴ ከሁለት ነውር አንዱን መምረጥ ነበረባት። የሚጠፋ የመሰለን ምልክት አልጠፋም፤ የማይጠፋው ደግሞ አይጠፋም። እድፉንም ጭረቱንም በጣቷ ዳሰሰች። ሰፊው ካውያውን ከበረንዳው አራቀው።

"ብሩ ይነጠፍ" አለች በመጨረሻ። "እድፍ የሰጪው ነው። ጭረት የሠሪው ነው።"

"አሃ! ነውሩን ወደ እኔ አሻገሩት እንዴ እሜቴ?" አለ አንጥረኛው።

"አንተ ስለት የለብህም፤ ትችለዋለህ።"

ብሩ ተነጠፈ። የጥምቀት ለት ማለዳ የአንኮበር ብርድ አጥንት ይገባል። ታቦቱ ከአደረበት ሲነሣ ጥላው ተዘረጋ፤ ፀሐይ ወጣችና ብሩ አንጸባረቀ። ሰው እልል አለ። እኔ ግን ከጭረቱ ሌላ የማየው ነገር አልነበረም፤ ቀጥ ብሎ ከአናት እስከ ጠርዝ ይወርዳል።

ያን ጊዜ አስነጠሰኝ።

"ይማርህ!" አሉ በዙሪያዬ የነበሩት። እናቴ አላለችም። ዓይኗ መጀመሪያ ወደ ጭረቱ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ግንባሬ። ታቦቱ እስኪገባ ድረስ ጋቢዬን አፍንጫዬ ላይ ጠቅልዬ፣ ትንፋሼን እየቆጠብሁ ሄድሁ።