ዶክተር ኒርማላና የቁም መርዶ

ዶክተር ኒርማላ ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ የታዘዝኩት ነገር አንድ ባል ከምርመራ ክፍል እንዳስወጣ ነበር። ነጭ ጋውን ሰጡኝ፣ የደም ግፊት መለኪያው የሚቀመጥበትን አሳዩኝ፣ ከዚያ የመጀመሪያዋን በሽተኛ አስገባሁ። ባልየው ተከትሎ ገባ። ዶክተር ሴትዮዋን ምን እንዳመማት ሲጠይቁ ባል ይመልሳል። ከመቼ ጀምሮ ነው ሲሉም ባል ይመልሳል።

«አንተን የት ጋ ነው የሚያምህ?» አሉት።

«እኔን? እኔ እንኳ ደህና ነኝ።»

«ደህና ሰው ውጭ ይጠብቃል» አሉና ወደኔ ዞሩ። «አስወጪው።»

አስወጣሁት። ያገሬ ሰው ነው፣ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚለኝ ፊቱን አዙሮ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ጤና ረዳት ነበርኩ። ሎስ አንጀለስ ስገባ ግን የምስክር ወረቀቴን ዞር ብሎ የሚያየው ስለጠፋ ሚድ ዊልሻየር አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር የፓርኪንግ ቲኬት እቆርጥ ነበር። ዶክተር ኒርማላ እዚያ ፓርክ ያደርጉ ነበር። አንድ ቀን መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ኢትዮጵያዊት ነሽ?» አሉኝ። «ያገርሽ ሴቶች ወደኔ መምጣት ጀምረዋል። በባሎቻቸውና በወንድሞቻቸው አፍ መስማት ሰልችቶኛል።» የተቀጠርኩት እንዲህ ነው።

ክሊኒኩ ፌርፋክስ ላይ ከምንጣፍ መሸጫው በላይ ነበር። ያኔ በዚያ መንገድ ላይ ያገራችን ሰው የከፈተው ምግብ ቤት ገና ጥቂት ነው። ዶክተር ኒርማላ ከላይ አሉ፣ ቀጥሎ ፊሊፒናዊቷ ነርስ፣ ከሁሉም በታች እኔ፣ ሜዲካል አሲስታንት። ክብደት እመዝናለሁ፣ ግፊትና ሙቀት እለካለሁ፣ አልጋው ላይ አዲስ ወረቀት እዘረጋለሁ፣ መሣሪያ በእንፋሎት አጸዳለሁ። አስተርጓሚም ነኝ።

ማስተርጎሙን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከበሽተኛዋ ጀርባ ቁሚ፣ እኔና እሷ እንተያይ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። መጀመሪያ ሰሞን አንዷ ወገቧን ይዛ «ሞትኩ» ስትል እኔ አለሳልሼ «ትንሽ ያማታል» አልኩ። ዶክተር የሴትዮዋን ፊት አይተው «ይሄ ፊት ትንሽ አይልም» አሉኝ። «ሞትኩ ካለች ሞትኩ በዪ።»

ነጠላ ጫማ፣ ሳሪ፣ ከላይ ነጭ ጋውን። ሆስፒታል ሲሄዱ የጽዳት ሠራተኛ እየመሰሏቸው ባልዲ የሚያቀብሏቸው ነበሩ። እኚህ ሴት እኮ ከተወለዱባት የሕንድ ከተማ ሐኪም የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ባል የሞተባቸው ሴቶች የሚማሩበት ቤት ከፍተው ድንጋይ ተወርውሮባቸዋል። ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች ልጁን ሊድር ሰርግ የደገሰን ሰው ደጅ ቆመው አላስገባም፣ አላስወጣም ብለዋል። ባልዲ አቀባዩ ይሄን ቢያውቅ ምን ይል ይሆን እያልኩ ቆሽቴ ያር ነበር። እሳቸው ግን ባልዲውን ተቀብለው ጥግ ያስቀምጡና ወደ በሽተኛቸው ያልፉ ነበር።

ሐኪምነትን የመረጡበትን ምክንያት የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ታላቅ እህታቸው ምጥ ላይ ሳለች ወንድ ሐኪም ተጠራ። ወንድ እንዳያያት መጋረጃ ተጋረደ። ሐኪሙ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ይጠይቃል፣ ባሏ ወዲህ ገብቶ ሰምቶ ይመልሳል። ደም እየፈሰሳት ነው ማለት አፈረና «ደክሟታል» አለ። ሐኪሙም ለድካም የሚሆን መድኃኒት ሰጥቶ ሄደ። እህታቸው በዚያው ሞተች።

አሁን የጽጌን ነገር ላውራ። ይህን ሳነሳ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ጽጌ ከእኛ ዝቅ ብሎ ባለው ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበረች። ሳቂታ ናት። ከታላቅ ወንድሟ ከጋሼ ታደሰ ጋር ባልድዊን ሂልስ ይኖራሉ። ታክሲ ነጂ ነው፣ ለሰው ሁሉ የሚደርስ፣ የተከበረ። ዶክተር ኒርማላ ጡቷ ላይ እብጠት አገኙና ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ላኳት። እዚያ ናሙና ተወሰደ። ካንሰር ነው። ቶሎ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል። ሰርጅኑ ይህን የተናገረው ጽጌ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ ነው። ያስተረጎመላት ደግሞ ጋሼ ታደሰ።

ሰርጅኑ ዶክተር ኒርማላ ጋ ደውሎ «ተነግሯታል፣ ኦፕሬሽን አልፈልግም ብላለች» አላቸው። ዶክተር አላመኑም። እቤቷ እንድደውል አዘዙኝ። ስልኩን ጋሼ ታደሰ ያነሳል። ሥራ ላይ ናት ይለኛል። ሌላ ቀን ስደውል ተኝታለች። ሌላ ቀን ደህና ናት፣ አታስቢ። በመጨረሻ ጋውኔን እንደለበስኩ ወርጄ ምግብ ቤቱ ሄድኩ።

ጽጌ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች። «ቁጭ ብለሽ ሥሪ አሉኝ እኮ» አለችኝ እየሳቀች። «አንዱ ማር ያመጣልኛል፣ አንዷ ሾርባ። ሰዉ ሁሉ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚወደኝ?»

«እብጠቱስ?» አልኳት።

«ምንም አይደል ተባልኩ እኮ። በራሱ ይከስማል አለኝ ጋሼ።»

ወይ ጉድ። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት፣ መንገር ያለባቸው ዶክተሯ ናቸውና። እጇን ይዤ ደረጃውን አወጣኋት። ከምግብ ቤቱ ለጋሼ ታደሰ ደውለው ኖሮ ጽጌ የምርመራ ጋውን ሳትለብስ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ በአማርኛ ይለምነኝ ጀመር።

«እባክሽ እህቴ። ካገራችን ሽማግሌዎች ጋር ተማክረን ጨርሰናል። አጎታችን ከዋሽንግተን እየመጣ ነው። ፋሲካን በደስታ ትዋል፣ ከዚያ ሰብሰብ ብለን ማልደን ሄደን እንነግራታለን። እንዲህ በድንገት ሰው ይገደላል?»

ያኔ ገባኝ። በኛ ደንብ መርዶ እንዲሁ አይወረወርም። ቀን ይቆረጣል፣ ተናጋሪ ይመረጣል፣ ሐዘኑን የሚጋራ ሰው ይሰበሰባል። ለሞተ ሰው ቤተሰብ ይህ ደግ ነገር ነው። ጋሼ ታደሰ ግን ይህንኑ ደንብ አምጥቶ በቁሟ ላለች እህቱ አደረገው። በክፋት አይደለም፣ ይወዳታል። ሲወዳት ነው የገደላት። እኛው አይደለን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የምንለው? ከበሽተኛዋ የደበቀውስ?

ያለውን ሁሉ ለዶክተር ኒርማላ አስተረጎምኩላቸው፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። መርዶ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፣ አስረዳኋቸው። ነጠላ ጫማቸው መሬቱን ሲመታ ይሰማኛል።

«ማን ሞተና?» አሉት። «ንገረኝ፣ ማን ሞተ? እኔ የማያት ተቀምጣ ነው።»

ጋሼ ታደሰ ውጭ ጠብቅ ተባለና ወጣ። ዶክተር ከጽጌ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላዋ ቆምኩ። የሚሏትን አንድ በአንድ ነገርኳት። ካንሰር። ኦፕሬሽን። መቆየት የለበትም።

ጽጌ አላለቀሰችም። «ማን ማን ያውቃል?» አለች። ወንድሟ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ አልኳት።

«ማሩ ለዚህ ነው» አለች። «ለካስ ለቅሶ ተቀምጠውብኛል።»

በሳምንቱ ኦፕሬሽን ሆነች። በሽታው ግን ቀድሞ ብብቷ ሥር ገብቷል። ሰርጅኑ «መጀመሪያ በነገርኩበት ሰሞን ብትመጣ ኖሮ ላይገባ ይችል ነበር» አለ። እንዲሁ፣ እጁን እየታጠበ።

ዶክተር ኒርማላ እኔን ይዘው የሆስፒታሉ ክፍል ኃላፊ ቢሮ ገቡ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ውሃ አቀረበልን። «ያስተረጎመው ቤተሰብ ነው» አለ። «እኛ ባህላቸውን እናከብራለን።»

«በዚሁ ዓይነት ባህል የሞተች እህት አለችኝ» አሉት። «ባህሉን ያከበረውም ሐኪም ነበር።»

ውሃውን ሳይነኩ ተነሱ። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው እየገቡ ቤተሰብ አያስተርጉም እያሉ አስቸገሩ። ትዕቢተኛ ናት አሏቸው። ያገሬ ሰዎችም ባህላችንን የምታፈርስ ሕንዳዊት ብለው አሟቸው፣ እኔንም ጨምረው። ያም ሆኖ እሑድ እሑድ ክሊኒኩ ውስጥ ያገሬን ሴቶች ሰብስበው ማስተርጎም ያስተምሩ ጀመር። ሆስፒታሉም በስተመጨረሻ እኛን ለመጥራት ተገደደ።

የጽጌ በሽታ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመለሰ። ዶክተር ነገሯት፣ እኔ ከኋላዋ ነበርኩ።

«ከእናንተ ሌላ ማን ያውቃል?» አለች።

«ማንም።»

«እንዲያ ነው እንጂ» አለች።

በማግስቱ ስልክ አስደወለችኝ፤ ለሽማግሌዎቹ፣ ለምግብ ቤቱ ሰዎች፣ ለአጎቷ። ቅዳሜ ማለዳ ባልድዊን ሂልስ ተሰበሰቡ። ማን እንደሞተ እየተጠያየቁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡ ነበሩ። ጽጌ ተነሥታ ቆመች።

«መርዶ ነጋሪዋ እኔ ነኝ» አለች። «በሽታው ተመልሷል፣ አሁን አይድንም። ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ፣ እናንተ የሰማችሁት ከእኔ ነው።»

ጋሼ ታደሰ ጮሆ ማልቀስ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ቁጭ በል፣ ገና አልጨረስኩም» አለችው። ተቀመጠ። ምን ዓይነት ሕክምና እንደምትፈልግና እንደማትፈልግ ለሁሉም ተናገረች። ዶክተር ኒርማላ በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ እኔ በጆሯቸው አስተረጉማለሁ። መሐል ላይ ሳቋርጥ ክንዴን ያዙና «ቀጥዪ» አሉኝ።

ጽጌ በዚያው ዓመት አረፈች። እኔ ሥራውን ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። የተማርኩት ይህ ነው፦ ስለ በሽታው ማንም ከመስማቱ በፊት የታመመው ሰው ይስማ፣ ከዚያ ለማን እንደሚነገር እሱ ይወስን።