ድንበር ማዶ የሚሻገረው የቅዳሜ አውቶቡስ

ሰው ሁሉ «ጋሼ ቀስ በሉ» ይላቸዋል፤ ተሳፋሪ ሲጋፋባቸው ከዚህች ቃል ሌላ ከአፋቸው አይወጣማ። ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡሳቸው ገበያተኛ ጭኖ ድንበር ይሻገራል። ማዶ ቀረጡ ቀላል ስለሆነ መጠጡም ሲጋራውም በግማሽ ዋጋ ነው። ቤታቸውን ቀጥ አድርጎ የያዘውም ይኸው የቅዳሜ ሥራ ነው።

ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሁለት ጠርሙስና አንድ ስቴካ ሲጋራ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲመለሱ የተረፈው፣ ኬላው ላይ የራሱ አስመስሎ እንዲያሳልፈው ለማይጠጣው ይታደላል። የመጠጥ ሽታ የማይወዱት አማታቸው እንኳ ውስኪ ታቅፈው፣ ፈታሹን «የኔ ነው ልጄ፣ ለጉልበቴ ነው» ሲሉት በሳቅ የማይፈርስ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ የጋሼ ነፍሰ ጡር ልጅ ለሚወለደው ልብስ ልትገዛ አብራቸው ሄደች። ሲመለሱ ኬላው ላይ ሰልፉ ተንዛዝቷል። ልጅቷ ድንገት የፊቷን ወንበር ጨምድዳ ያዘች።

«አባዬ፣ መጣ!»

ጋሼ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ወደፊት ተመለከቱ። የጤና ጣቢያው ጣሪያ ከኬላው ወዲያ ይታያል፤ ፈታሹ ግን ገና የፊተኛውን መኪና ይበረብራል።

አማትየዋ ብድግ አሉ። «ምን ትጠብቃላችሁ? አውርዱት ሁሉንም!»

ተሳፋሪው ጠርሙሱንም ሲጋራውንም እያወጣ ፈታሹ እግር ሥር ከመረው።

«የማን ነው ይሄ ሁሉ?»

«የሁላችንም ነው! እንደፈለግክ ቅረጥ፣ ብቻ መንገዱን ክፈትልን! ሴት ምጥ ይዟታል!»

ፈታሹ ክምሩን ትቶ ሮጠና አግዳሚውን ብረት አነሳ።

ጤና ጣቢያው እንደደረሱ ሴት ልጅ ተወለደች። እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ የአዋላጇ እጅ ባይደርስላት ኖሮ አትተርፍም። ጋሼ በዕድሜያቸው እንደዚያን ቀን ሰው አመስግነው አያውቁም።

«ምን ላድርግልሽ የኔ ልጅ? ውለታሽን በምን እከፍለዋለሁ?»

አዋላጇ ሳቀች። «ጠጪና አጫሹን ያመስግኑ፣ ደሞዜ ከቀረጡ ነው። አሁንማ ሰዉ ማዶ እየገዛ ገቢው ወረደና፣ የማዋለጃ ክፍሉ ሊዘጋ ነው ይላሉ።»

ማን እንደሚያሻግረው አላወቀችም። ጋሼ ዓይኗን ማየት አቃታቸው።

ደጅ ላይ ተሳፋሪው ተኮልኩሎ ይጠብቃል። «ሁለቱም ደህና ናቸው!» ሲሉ ጭብጨባው ቀለጠ። አንድ በአንድ እያቀፉ አመሰገኑ።

«ዕድሜ ይስጣችሁ። ከእንግዲህ ግን ማዶ አልወስዳችሁም።»

«ታዲያ ምን ሊበሉ ነው ጋሼ?» አለ አንዱ።

«እንጃ» አሉና የልጅ ልጃቸውን ሊያቅፉ ተመልሰው ገቡ።