ክንዴ ላይ የተማረው ጊታር

የያዙኝ አሶሳ ውስጥ ጊታር ከማስተምርባት ኪራይ ክፍል ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ እንዲያውም ጨዋ ነው። ጊታሬን ወደ ቦርሳው ልመልስ ስል «ተወው፣ ለጥያቄ ብቻ ነው፣ አሁን ትመለሳለህ» አለኝ። እኔም ሞኙ መስኮት እንኳ ሳልዘጋ ወጣሁ። ነገሩ አንድ ስብሰባ ላይ ዘፋኝ አጅበሃል ነው። አጅቤያለሁ። ግጥሙን ማን እንደጻፈው ግን ቢገርፉኝም የምነግራቸው አልነበረኝም፤ አላውቅማ።

ያሰሩኝ ክፍል ጠባብ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከላይ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ፍሬው ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ አዲስ ገቢ ይደነግጣል፣ ነባሮቹ ይስቃሉ። እኔም ደነገጥኩ፣ ሳቁብኝ። ከሳቁት አንዱ የሆሞሻ ነጋዴ ነው፤ ብሔሩ በርታ ነው፣ አማርኛን ገበያ ላይ የለመደ። ሙያዬን ሲሰማ ተጠግቶኝ ተቀመጠ።

«ኡስታዝ» አለኝ። የወሎ ሰፋሪዎች ልጅ ነኝ፤ ማተብ አንገቴ ላይ እያለ ኡስታዝ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። «እኔ ጊታር ገዛሁ። ጣት ማስቀመጥ አወቅኩ። ጂ አወቅኩ፣ ሲ አወቅኩ፣ ዲ አወቅኩ። ከዛ ወዴት ይሄዳል? እሱ ጠፋብኝ። ሚስቴ ‹ይሄ እንጨት መቼ ይናገራል› ይላል፣ ይስቃል።»

ጀማሪ ሁሉ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ጂ፣ ሲ፣ ዲ የምንላቸውን ኮርዶች ለየብቻ ያጠናል፤ አንዱ ሌላውን ለምን እንደሚጠራ የሚነግረው የለም። ጊታር ስላልነበረን ክንዴን ዘረጋሁለትና «አንገቱ ይኸው፣ ያዘው» አልኩት።

«ጂ ቤትህ ነው። ሲ ጎረቤት መጠየቅ ነው። ዲ ላይ ስትደርስ መሽቷል፤ ልብህ ቤት ቤት ይላል።»

«ቤት መመለስ ግዴታ?»

«ግዴታ አይደለም። ጆሮ ግን ይጠብቃል።»

በሩን አየና «የእኔም ጆሮ ይጠብቃል» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ቁርሳችን ካለቀ ክንዴ የእሱ ነው። ጂን ይጫናል፣ ወደ ሲ ይሻገራል፣ ዲ ላይ ጣቱ ይስታል፤ እጁን መታ አድርጌ አርመዋለሁ። እኔ ደግሞ ስህተት ማሳለፍ አልወድም፣ ተማሪዎቼም በዚህ ያሙኛል።

አንድ ጠዋት ጣቶቹ ክንዴ ላይ ሲያርፉ አቃጠሉኝ። ወባ ነበረች። እዚህ አገር የማያውቃት የለም፤ ቶሎ መድኃኒት ካገኘች ትሄዳለች፣ ካላገኘች ሰው ይዛ ትሄዳለች። በሩን ደበደብን። ጠባቂው በቀዳዳው አየን።

«አዛዡ ስብሰባ ወጥተዋል። ያለ ትዕዛዝ አልከፍትም።»

ከቡለን የመጡ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ሰው እየሞተብን ነው» አሉት።

«አባባ፣ ብከፍት እኔንም ከእናንተ ጋር ነው የሚያስገቡኝ።»

ውሸቱን አልነበረም። እንቢ ያለ ሰው ይሰደባል፤ የፈራን ሰው ምን ይሉታል? ሽማግሌው ሸሚዛቸውን በመጠጥ ውሃችን እየነከሩ የነጋዴው ግንባር ላይ አኖሩ። እኛ መዳፋችን እስኪያብጥ በሩን መታን። ከሰዓት በኋላ በበርታኛ መቃዠት ጀመረ፤ ቋንቋውን ስለማላውቅ ከተናገረው «ሚስቴ» የምትለውን ቃል እንኳ ለይቼ አልሰማሁም። እኔ የማውቀው ኮርድ ነው፣ ወባ ደግሞ በኮርድ አይድንም። እንደዚያን ቀን ሙያዬን ንቄው አላውቅም።

በሩ የተከፈተው በማግስቱ ነው። ብርድ ልብስ ወረወሩልንና በአራት ማዕዘኑ ይዛችሁ አውጡት አሉን። እሱ ግን ዓይኑን ገልጦ ነበር።

«በብርድ ልብስ አይሆንም። እንደሱ የሚወጣው ጀናዛ ነው። እኔ በእግር ይወጣል።»

ጠባቂዎቹ ፍጠኑ እያሉ ሽማግሌው ሳይቸኩሉ የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉለት። ከዚያ እሳቸው በቀኝ፣ እኔ በግራ ክንዱ ስር ገባን። እግሩ ይጎተታል፣ አንገቱ ግን ቀጥ ብሏል። ግራ እጁ ትከሻዬን እንደያዘ ጣቶቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ጂ፣ ቆየት ብሎ ሲ። ዲ ላይ እንደ ልማዱ ሳተ። አላረምኩትም። ደጅ የቆመ ፒካፕ ላይ ጫኑት፣ እኛን ወደ ክፍላችን መለሱን።

ስፈታ ሆስፒታል ጠየቅኩ፤ ማነህ፣ ምኑ ነህ አሉኝ። ምኑ እንደሆንኩ መናገር ከበደኝ። ሆሞሻም በገበያ ቀን ሄጃለሁ። እስረኛ የሚያፈላልግ እንግዳ ማን ያምናል? «አናውቅም» አሉኝ፤ አልፈረድኩባቸውም። ይኑር ይሙት እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁንም አስተምራለሁ። ጀማሪ ዲ ላይ ጣቱን ሲስት እጄን አልሰነዝርም። እስኪጨርስ እጠብቀዋለሁ።