ከሬይዊን አውቶብስ ወለል ሥር

በእኛ ሰዎች ዘንድ መንገድ ላይ እጅ አለማንሳት ነውር ነው። አሮጌ አውቶብስ ቤት አድርገን የምንኖር ሰዎች ስንተላለፍ፣ ተዋወቅንም አልተዋወቅንም፣ አንድ እጃችንን ከመሪው ላይ እናነሳለን። ያላነሳ ሰው ወይ ሞተሩ እየነደደበት ነው ወይ ባለጌ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ንብ ፊቴ ላይ እያንዣበበች አስቸግራኝ ሳላነሳ ባልፍ፣ ራንፈርሊ ከተማ ነዳጅ ማደያው ጋ ስደርስ "ምነው ክላይቭ፣ ኮራህ እንዴ?" ተብያለሁ። ታዲያ ለሰላምታ ይህን ያህል የምንጨነቅ ሰዎች፣ ሬይዊን ዶብሰንን ሊገድላት የነበረውን ሰው "እሱ እኮ ጥሩ ሰው ነው" እያልን አቅፈን መያዛችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሬይዊን ዕድሜዋን ሙሉ የቆመችው በሰው ወለል ላይ ነው። ገና ልጅ ሳለች የበግ ሸላቾች ምግብ አብሳይ ሆና ተቀጠረች፤ ከዚያ ወዲህ ከአንዱ እርባታ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ሰው ማድ ቤት ወደ ሌላው ስትዞር አረጀች። ቁጡ ናት። ውሸት ደግሞ አይሆንላትም። አንድ ባለ ርስት ለሠራተኞቹ የሸተተ ሥጋ ቢልክላት፣ ቀቅላ ከነድስቱ ተሸክማ ሄዳ እንግዶቹ በተቀመጡበት ገበታ መሃል አኖረችለት ይባላል። "ይባላል" የምለው ለወጉ ነው እንጂ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ያኔ እኔም ከሸላቾቹ አንዱ ነበርኩ።

ባሏ ከሞተ በኋላ የተከራየችው ቤት ተሸጠባትና ክረምቱ ሳይገባ ልቀቂ ተባለች። ያላትን ሁሉ ሰብስባ አንድ አሮጌ ቤድፎርድ አውቶብስ ገዛች። አልጋ አለው፣ ቁም ሳጥን አለው፣ መሃሉ ላይ ትንሽ የእንጨት ምድጃ አለው። "ክላይቭ፣ የራሴ ምድጃ!" አለችኝ በስልክ፤ እንደ ልጅ ነው የጮኸችው።

ሻጩ ኔቪል ክሮፍት ነበር። ኔቪልን ከእኛ መካከል የማያውቅ የለም። በየክረምቱ ኦማካው በሚባለው መንደር ሜዳ ላይ ስንሰበሰብ ተነስቶ "እኛ ቤተሰብ ነን" ብሎ ንግግር የሚያደርገው እሱ ነው። ቀብር ላይም ከሟቹ ልጆች ቀድሞ የሚያለቅሰው እሱ ነው። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሚባለው ለእንደዚህ ያለ ሰው ይመስለኛል፤ ችግሩ ቅቤው ሁሉንም ያጠግባል፣ ጩቤው የሚያገኘው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሬይዊን አውቶብሱን ልታይ ስትሄድ ወለሉ ላይ አዲስ የፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፎ ያብረቀርቅ ነበር።

"ምንጣፉን ገልጠሽ አላየሽም?" አልኳት በኋላ።

"አንተ ብትሆን ትገልጥ ነበር?"

አልገልጥም ነበር። ማንኛችንም አንገልጥም። መንገድ ላይ እጅ የሚያነሳልህን ሰው ምንጣፍ ገልጦ ማየት፣ ፊት ለፊት "ሌባ ነህ" ከማለት አይተናነስም። ኔቪልም ይህን አሳምሮ ያውቃል። እንጀራው ይኸው ነው።

እኔ በጋውን በአውቶብስ ስዞር ከርሜ ለብርዱ የምመለስበት ትንሽ ቤት አለኝ፤ አውቶብሷን ከግቢዬ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ አቆመችው። የመጀመሪያው ውርጭ የወረደ ዕለት ምድጃዋን አቀጣጠለች። በማግስቱ ጠዋት ወተት ይዤላት ስሄድ፣ ነጭ የሆነው ሣር ላይ ተንበርክካ ታስመልሳለች።

"ምን በልተሽ ነው?"

"ምንም። ራሴን ሊፈልጠኝ ነው። በሩን እንዴት እንደከፈትኩት እንኳ አላውቅም።"

ገብቼ አየሁ። ጭስ የለም፣ ሽታም የለም። ከሰል አያይዞ ቤት ዘግቶ የሚያድር ሰው ምን እንደሚሆን ግን ማንም ያውቃል። የምድጃውን የጭስ ማውጫ ቱቦ በእጄ እየዳበስኩ ወደ ላይ ሄድኩ። በሚታይበት በኩል ደህና ነው። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ዓይን በማይደርስበት በኩል፣ ተቆርጧል፤ ሁለቱን ቁራጮች የሚያያይዛቸው የሚጣበቅ ፕላስተር ነው። እሳት የሚተነፍስበትን ቱቦ በፕላስተር! ከሥሩ ደግሞ የሬይዊን ትራስ አለ።

"አሁኑኑ ሄጄ አንገቱን አንቀዋለሁ" አልኩ።

"መጀመሪያ ሻይ አፍላልኝ" አለች አፏን እየጠረገች። "በአንተ ምድጃ።"

ያን ክፉ ምድጃ ልናወጣው ስንገፋው አንድ እግሩ ወለሉን በስቶ ሰመጠ። እንግዲህ ያኔ ነው ነውሩን ትተን ምንጣፉን የገፈፍነው። ከሥሩ ስስ ኮምፔንሳቶ ወጣ፤ ብሎኖቹ ገና ያብለጨልጫሉ። ከኮምፔንሳቶው ሥር የድሮው ጣውላ አለ፣ ጣውላ ካሉት። በእጄ ስዘግነው እንደ ራሰ የሻይ ቅጠል ተፍረከረከ። የስንት ዓመት ዝናብ በመስኮቱ እየገባ በልቶታል። እሳት ያዘለ ብረት የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ እሷም በዚህ ላይ ናት ተራራ ለተራራ የነዳችው።

"ምናልባት አላወቀም ይሆናል" አልኩ፤ እኔም አላመንኩበትም።

ሬይዊን በጀርባዋ ተንፏቃ አውቶብሱ ሥር ገባች፣ ጫማዋ ብቻ ውጪ ቀረ። "ና እስቲ ግባ" አለች ከውስጥ። "ልብስህ ቢቆሽሽ አትሞትም።"

ገባሁ። ሻሲው ከዳር እስከ ዳር ዝገትና የደረቀ ጭቃ ነው። ጣውላው የበሰበሰበት ቦታ ብቻ በፎም ተሞልቶ፣ ላዩ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል።

"ያላወቀ ሰው ቀለም አይቀባም" አለች።

ደወለችለት። እኔም አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። "ውዴ፣ አሮጌ መኪና እኮ ነው" ይላል በዚያ በሚሞቅ ድምፁ። "ለእኔም እንደዚያው አድርገው ነው የሸጡልኝ።" የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

"ገንዘቤን መልስ አላልኩህም" አለችው። "ቱቦውን የቀጠልኩት እኔ ነኝ በል። ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ በል። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ሬይዊንዬ፣ ስንገናኝ ሻይ እየጠጣን እናወራዋለን" ብሎ ዘጋባት።

ለወዳጆቻችን ነገርናቸው። ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ፣ ሁሉም አዘነላት፣ ሁሉም ሆድ ይፍጀው አለ። አንዷ ደግሞ እጇን ይዛ "ተይው የኔ እህት፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለቻት።

"እያደር?" አለች ሬይዊን። "እኔ እኮ እያደርኩ ነው ልሞት የነበረው!"

ከዚያ ሥራ ጀመርን። እሷ እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ ታድራለች፤ ቦታው የውሻዬ ነበር፣ አባረረችው። ቀን ቀን የበሰበሰውን እየዛቅን አወጣን፣ ሻሲውን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግነው፣ ዝገት የሚከላከል ቀለም ቀባነው። ብርድ የማያስገባ ወፍራም ፎም በብረቶቹ መካከል ጠቀጠቅን፤ ከላዩ ውሃ የማይበላው ኮምፔንሳቶ ገጠምን። ከጎማው በላይ ያለውን ቁራጭ እኔ ገልብጬ ቆረጥኩት። "በግ ስትሸልትም እንዲሁ ነበርክ" አለችኝና ሌላ አስቆረጠችኝ። ለምድጃው የላሜራና የሸክላ መደብ ሠራንለት፤ አሮጌውን ቱቦ ጥለን ባለ ድርብ ቆርቆሮ አዲስ ቱቦ በጣሪያው አወጣን። ከአሌክሳንድራ ከተማ ምድጃ የሚተክል ባለሙያ አስመጥታ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ካላስፈተሸች እሳት አልለኩስም አለች። እሳቱ ሲነድ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ከበሩ እስከ አልጋዋ ሄደች፣ ተመለሰች። እኔ ወጥቼ እንጨት ፈለጥኩ።

ከአሮጌው ወለል አንድ ቁራጭ አስቀርታ ነበር፤ በላዩ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ፣ በመሃሉ ብስባሽ፣ በሥሩ ጥቁር ቀለም። ላቃጥለው ሳነሳ "አትንካው" አለችኝ።

ክረምቱ ሲበረታ እንደ ልማዳችን ኦማካው ተሰበሰብን። እዚያ ሁሉም ሰው በሩን ይከፍታል፤ ሰው ከአውቶብስ ወደ አውቶብስ እየገባ የሌላውን ቤት ያያል፣ ያደንቃል፣ በልቡ ይቀናል። የሬይዊን ቤት ሞላ። ሰው ጫማውን ደጅ እያወለቀ ይገባና "ወይኔ እንዴት ይሞቃል!" ይላል። ጠረጴዛው ላይ ትኩስ ዳቦ፣ ቅቤና ማርማላታ ደርድራለች።

ኔቪል መጣ። ብቻውን አይደለም። ብሌርና ሂኔ የሚባሉ ወጣት ባልና ሚስት አስከትሏል፤ ሂኔ ሕፃን ደረቷ ላይ ታቅፋለች። ሜዳው ጫፍ ላይ የቆመውን አረንጓዴ አውቶብሱን ሊሸጥላቸው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ሬይዊን ማለት ይህቺ ናት። የእሷንም የሸጥኩላት እኔ ነኝ፤ ጠይቋት! እኛ ቤተሰብ ነን።"

ድፍረቱ! ምስክር ሊያደርጋት እኮ ነው የመጣው። ሰው ፊት አትናገርም ብሎ፣ ይሉኝታዋን ተማምኖ። ደሜ ፈላ። ሬይዊን ግን እሱን አላየችውም፤ ሕፃኑን ነው የምታየው።

"ይሄ የት ነው የሚተኛው?" አለቻት ሂኔን።

"ከምድጃው ጎን ነው ያሰብነው" አለች ሂኔ ፈገግ ብላ። "እንዲሞቀው።"

ሬይዊን ጎንበስ አለችና ከአልጋው ሥር ያን ቁራጭ ጎትታ አወጣች። ዳቦው መሃል፣ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄ እሱ የሸጠልኝ ወለል ነው። ገልብጪው።"

ሂኔ ገለበጠችው። ብስባሹ በማርማላታው ላይ ረገፈ፣ ጥቁሩ ቀለም ወጣ።

"የጭሱን ቱቦ በፕላስተር ነበር የቀጠለው፣ ልክ ከትራሴ በላይ። ጠዋት ሣር ላይ ተገኘሁ፤ ባልነቃ ኖሮ አልጋዬ ላይ ነበር የምገኘው። እናንተም ወለሉን ገልጣችሁ እዩ። ነውር ነው የሚላችሁን አትስሙ።"

ኔቪል ሳቅ አለ። "ሬይዊንዬ፣ የሰው በዓል አታበላሺ።"

"አንድ ነገር በልና በዓልህን አክብር። የቀባሁት እኔ ነኝ በል።"

"ይሄ ቤተሰብ ነው፣ ፍርድ ቤት አይደለም" አለና ኩባያውን አስቀምጦ ወጣ።

ከዚያ የሆነው ነው ዛሬም የሚያበግነኝ። ሰዉ እሱን ተከትሎ ወጣ። አንድ በአንድ፣ ደጅ ላይ ጫማቸውን እየፈለጉ። "እውነት ቢሆንስ፣ በሰው ፊት ይባላል?" ያለች ሴት እንኳ ነበረች። ብሌርም የሚስቱን ክንድ ይዞ ወጣ፤ ሂኔ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችን። ሬይዊን ብስባሹን በመዳፏ ሰብስባ ምድጃው ውስጥ ጨመረችው።

"ገዙት ማለት ነው" አለች። "ያ ሕፃን ከዚያ ቱቦ ሥር ሊተኛ ነው።"

በማግስቱ ሌሎቹ ሳይበተኑ እኛ በሬይዊን አውቶብስ ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። ራንፈርሊ ነዳጅ ሊቀዱ ሄደው ወደ ሜዳው የሚመለሱ አውቶብሶች ከፊታችን ይመጣሉ። ሬይዊን ለመጀመሪያው እጇን አነሳች፤ ሹፌሩ ፊት ፊቱን እያየ አለፈ። ለሁለተኛው አነሳች፤ ያኛው ጆሮውን ያክ ጀመር። ሦስተኛው ባሏ ሲቀበር ሳጥኑን የተሸከመ ሰው ነበር። እሱም አላነሳም።

"ተያቸው!" አልኩ። "ውርደት ለምን ትለምኛለሽ?"

"እኔ ምን አጠፋሁና ነው ባለጌ የምሆነው?" አለች፣ ለአራተኛውም አነሳች።

ዌደርበርን መንደር ሳንደርስ ከኋላ አንድ ትንሽ ቀይ መኪና ጡሩንባ እያሰማ መጣና በጎናችን ተስተካከለ። የሚነዳው ብሌር ነው። ኋላ ወንበር ላይ ሕፃኑ ተኝቷል። ከኋላቸው አረንጓዴው አውቶብስ የለም። ሂኔ በዚያ ውርጭ መስኮቱን አውርዳ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አወጣችና አውለበለበችልን፤ እጇ ውስጥ የተገነጠለ የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ምንጣፍ ቁራጭ ነበር።

ሬይዊን እጇን አነሳች። መኪናው ከኮረብታው ጀርባ እስኪሰወር አላወረደችውም።